የአይዩ ጉልበት

አያቴ የኮሪያዊቷን ዘፋኝ ስም ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ነው እንዳያይ የተባለው?» ብላ ነው። አይ፣ ስሟ ነው አልኳት። አይዩ። «እኮ፣ ምኑን ነው የማያዩት?» በእንግሊዝኛ እኔና አንቺ ማለት ነው፣ በሙዚቃ አንድ እንሆናለን ለማለት ነው ያወጡላት ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። አልጣማትም። እሳቱን ቆስቁሳ ዝም አለች።

ለጥምቀት ነበር የሄድኩት። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ዋጠን፣ ከዚያ ወደ ሞላሌ ተገንጥለን መሐል ሜዳ እስክንገባ ድረስ ማዳመጫዬን ሰክቼ የዚችን ኮሪያዊት ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተርታ ስሰማ ነበር። ሾፌሩ የራሱን ዘፈን እስከ ጥግ ከፍቶታል። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ዶሮ ይዘዋል። እንዲያም ሆኖ ሰማሁ፤ አልጨረስኩትም እንጂ።

ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ። ሊ ጂ ኡን (እውነተኛ ስሟ ነው) የጀመረችው በሴፕቴምበር 2008 በ15 ዓመቷ ነው። ቀኑ በእኛ መስከረም 8 ቀን 2001 ላይ ይውላል፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ። የመጀመሪያ ዘፈኗ «የጠፋች ልጅ» ይባላል፣ ከባድና ሐዘንተኛ ነው፣ እና ሰሚ አላገኘም። አሁን ስሰማው አልፈርድባቸውም። ድምፁ አለ፣ ግን የአዋቂ ካፖርት የለበሰች ልጅ ትመስላለች።

ከዚያ ዲሴምበር 2010 ላይ «ጥሩ ቀን» መጣ። ብዙ ሰው እሷን የሚያውቃት በዚህ ነው፤ መጨረሻው አካባቢ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ የምትወጣበት ቦታ አለ፣ ኮሪያዎቹ «ሦስት ደረጃ» ብለው ስም አውጥተውለታል። የሀገር ታናሽ እህት ያስባላትም እሱ ነው። ጓደኛዬ ሚሞሪዬ ላይ ጭና የሰጠችኝ የመጀመሪያው ዘፈን ይሄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደንግጬ «ዋው» ብዬ ሁለተኛ አልከፈትኩትም። ጣርማበር ላይ መኪና ሲወጣ እንደማየት ነው። ትገረማለህ፣ ግን አብረህ አታለቅስም። ደግሞም የእሷ ድርሰት አይደለም፣ ግጥሙ የኪም ኢና፣ ዜማው የሊ ሚን ሱ ነው።

እኔን የያዘኝ እሷ ራሷ መጻፍ ስትጀምር ነው።

2013 ላይ «ዘመናዊ ጊዜ» የሚል አልበም አወጣች። የድሮ ጃዝ ስዊንግ አለ፣ የብራዚሎቹ ቦሳ ኖቫ አለ፣ እንደ ያንግ ሂ ኡን ያሉ አንጋፋዎች አብረዋት ይዘፍናሉ። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ራሷ ጽፋ ዜማውን ራሷ የሠራችው «ዓርብ እንገናኝ» የሚል ቀለል ያለ ዘፈን ተጨመረ። ቀጠሮ ነው በቃ። ሰኞ አይመቸኝም፣ ማክሰኞም እንትን፣ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በኦክቶበር 2015 «ቻትሻየር» ወጣ፤ ሰባት ዘፈን ነው፣ ፕሮዲዩስ ያደረገችው ራሷ፣ ግጥሙ በሙሉ የእሷ። አንደኛው ዘፈን ከአንድ ታዋቂ የልጆች መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ጋር ተያይዞ ወቀሳ አስነስቶ ይቅርታ ጠይቃለች። በዚያው አልበም ላይ «ሃያ ሦስት» የሚል ዘፈን አለ። ልብ በሉ፣ ያኔ በእኛም በፈረንጁም ስሌት 22 ዓመቷ ነበር። ኮሪያ ውስጥ ሰው ሲወለድ አንድ ይባል ነበር፣ ከዚያ በየአዲስ ዓመቱ አንድ ይጨመርለታል። በ2023 በሕግ እስኪለወጥ ድረስ እንዲህ ነበር። ስለዚህ በ2017 «ፓሌት» ላይ 25 ሆና ዘፈነች፣ ሜይ 2020 ላይ ቢቲኤስ ከተባለው የኮሪያ ቡድን አባል ከሹጋ ጋር «ስምንት» ብላ ስለ 28 ዘፈነች፣ በማርች 2021 «ላይላክ» በሚለው አልበም ሃያዎቹን ተሰናበተቻቸው። ዕድሜዋን እየቆጠረች ነው አልበም የምታወጣው ማለት ይቻላል። ለአያቴ ይሄን ስነግራት ሳቀች። የእሷ ዕድሜ የሚቆጠረው በድርቅና በበግ በሽታ ነው፤ «እንትን በሞተበት ዓመት» ትልሃለች፣ ቁጥሩን አንተ ፈልገው።

ስለ «አበባ ዕልባት» ካላወራሁ ግን ልቤ አያርፍም። የድሮ ዘፈኖችን እንደገና የዘፈነችባቸው ሥራዎች ናቸው፣ 2014፣ 2017፣ ከዚያ 2025 ላይ ሦስተኛው። እኛ ሀገር የድሮ ዘፈን እንደገና ይሠራ ሲባል ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ ኪቦርዱ ይጫንበታል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ አለቀ። እሷ ትገፈዋለች። በመጀመሪያው ላይ ሳኑሊም የተባለው ባንድ በ1984 ያወጣውን «የአንቺ ትርጉም» ስትዘፍን፣ የዜማውን ደራሲ ኪም ቻንግ ዋንን ራሱን ጠርታ አብሮ አዘፍናዋለች። ያረጀ ድምፁ ከኋላ ሲገባ ሰውነቴን ይወረኛል። በሁለተኛው ላይ «የመፀው ጠዋት» አለ፤ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2017 ጠዋት በአንድ ሰዓት ለቀቀችው፣ ሥራ የጀመረችበት ዘጠነኛ ዓመቷ መሆኑ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ እንዲያገኘው። በእኛ ደግሞ መስከረም 8 ጠዋት ነው፣ ሣሩ ጤዛ ያዘለበት። መንዝ ላይ ሆኜ የሰማሁት ስለሆነ ይሆናል፣ ስለ እኛ ጠዋት የተዘፈነ ነው የመሰለኝ።

የ2024ቱ «ዘ ዊኒንግ» ጥሩ ነው። ጥሩ ብቻ። ብዙ ድምፅ አለው ለእኔ።

አሁን ወደ ጉልበቱ። እዚያው «ቻትሻየር» ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሐል፣ ግጥሙንም ዜማውንም ብቻዋን የሠራችው አንድ ዘፈን አለ። ርዕሱ በኮሪያኛ «ሙሩፕ» ነው፣ ጉልበት። የእግር ጉልበት ማለቴ ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ሌላ ወርቅም አለው፣ ኮሪያዎቹ እሱን አያገኙትም፣ ያመልጣቸዋል። ሁሉ ተኝቷል፣ እሷ ብቻ ዓይኗ ፈጧል። እንቅልፍ እንደሚነሳት ራሷ በግልጽ የተናገረችው ነገር ነው፤ «የሌሊት ደብዳቤ» የሚለው የ2017 ዘፈኗም ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ምን ትላለች መሰላችሁ፣ ልጅ ሳለሁ እንደነበረው ራሴን ጉልበትሽ ላይ ላስቀምጥ፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ አድርጊልኝ፣ እንቅልፍ ከወሰደኝም ተይኝ፣ አትቀስቅሽኝ። በልጅነቷ ቤቱ ሲቸግራቸው ከአያቷ ዘንድ ነበረች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

የእኔዋ አያት ግን ትቀሰቅስ ነበር። ሹሩባ ስትሠራኝ ጉልበቷ መሐል እቀመጣለሁ፣ ቅቤው ከእሳቱ ሙቀት ጋር ተደምሮ ያደክመኛል፣ ራሴ ጭኗ ላይ ዘንበል ሲል በሚዶው ጀርባ ጠብ ታደርገኛለች። «ቀና አድርጊ ራስሽን!»

የዚያን ማታ ውርጩ ከበሩ ስር እየገባ ነው። ዝተቱን ደራርበናል። ስልኬ 11 በመቶ ላይ ነው። አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት፣ ሻሿን ፈታ አድርጋ። ምንም አላለችም። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ዓይን ቀስ ብሎ ሲከደን ኮሪያዎቹ የሚሉት ቃል አለ፣ «ስርርርርክ፣ ስርርር» ነገር፣ አይዩ እሱን ደጋግማ ትለዋለች። አያቴ እጇን አነሳች።

«እሹሩሩ እያለች ነው እኮ» አለች።

አዎ እምዬ፣ እንደዚያ ነው።

«ለማን ነው?»

ለራሷ።

«ውይ በሞትኩት» አለች። ትንሽ ቆየች። «ለራስ እሹሩሩ አይያዝም።» ማዳመጫውን አውልቃ መለሰችልኝና ራሴን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ደርቋል፣ ከተማ ሄደሽ ራስሽን ጣልሽው፣ ቅቤ እንኳ አይተሽ አታውቂም አይደል፣ ብላ ብዙ ተናገረች። ከዚያ ሚዶዋን ከአጎዛው ስር አወጣች፣ በጉልበቷ መሐል ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችና፣

«ነይ ቁጭ በይ። እንዳትተኚ ብቻ።»