የማስነጠሴ ዋጋ

ቡሬ በርበሬ ገበያ ውስጥ ከእኔ በፊት ያስነጠሰ የአግሪቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ ማስነጠሱ በክፍል ውስጥ በግራፍ ተሥሎ የቀረበበት ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር። የዛላ በርበሬን የፈረሱላ ዋጋ ከገበሬው፣ ከሰብሳቢው ነጋዴና ከቸርቻሪው ጠይቀን፣ የየአንዳንዳቸውን ትርፍ እንድናሰላ ታዘዝን። እኔ የደጀን ልጅ ነኝ፤ አፍንጫዬ ያደገው በጤፍ ገለባ ነው። መጠይቄን ይዤ ከአንዲት እናት ፊት ቆሜ «እማማ፣ ፈረሱላው ስንት ነው?» ልል አፌን ስከፍት፣ ከጎናቸው አንዱ ጆንያ ገልብጦ አራገፈ።

አስነጠስኩ። «ይማርህ ልጄ» አሉኝ፤ «ያኑርዎ» አልኩ። ደገምኩ፤ ይማርህ፣ ያኑርዎ። ሠለስኩ። ከዚያ በኋላ ከዛላው ተራ እስከ ዝንጅብሉ ተራ ያለው ሰው ሁሉ ይማርህ ሲለኝ፣ አስተዳደጌ ለእያንዳንዱ መልስ እንድሰጥ ስለሚያስገድደኝና አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ማስነጠስ ስለሚቀድመኝ፣ የገበያው ግማሽ የያኑርዎ ባለዕዳ ሆንኩ። ጭነት የሚነዳ ሰውዬ አህያዎቹን አቁሞ መረቀኝ። አንድ መነኩሴ አዝነውልኝ መስቀላቸውን ቢያወጡ፣ በመስቀሉ ላይ እንዳላስነጥስ አፍንጫዬን በመጠይቁ ሸፈንኩ፤ ከጥያቄ ሦስት እስከ ጥያቄ ሰባት ያለው የዚያን ዕለት ተሰረዘ።

ጋብ ሲልልኝ እማማ በሐዘኔታ እያዩኝ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ከደጀን መሆኔን ስነግራቸው «ደጀን በርበሬ አይበላም?» ብለው ዋጋውን ነገሩኝ። የነገሩኝን ጻፍኩ።

በሳምንቱ መምህራችን የሁላችንንም ዋጋ በሰሌዳው ላይ በነጥብ አስቀመጡት። የሌሎቹ ነጥቦች ታች ተቃቅፈው ሲቀመጡ የእኔ ብቻዋን ጣሪያው ሥር ቀረች። «ይህ አውትላየር፣ ከሌሎቹ ርቆ የወጣ ነጥብ፣ የማን ነው?» አሉ። ቡድኔ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አንደኛው ማስነጠሴንም አከለበት። መምህሩ ደስ አላቸው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዢ ባለማወቁ ገበያ እንዴት እንደሚዛባ በማሳየቱ መሆኑን አስታውሰው፣ «የእኛ ተማሪ ግን በአፍንጫው ስለ ራሱ ለሻጯ መረጃ ሰጠ፤ እርሳቸውም እንግዳ መሆኑን አውቀው ዋጋ ጨመሩበት» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር ይማርህ የሚል አይጠፋም።

እኔ ደግሞ መሳለቂያ አጥቼ አላውቅም። አገር ቤት ስገባ አጎቴ «እርሻ ለመማር ኮሌጅ ምን አስኬደህ? በሬዎቹ እዚህ አይደሉም እንዴ?» ይሉኛል፤ ጎረቤት ደግሞ የታመመች ላም እየጎተተ ደጃችን ይቆማል። የተማርኩት የላሟን ዋጋ እንጂ በሽታዋን እንዳልሆነ ብናገር የሚሰማኝ የለም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የእነዚያ የተቃቀፉ ነጥቦች ነገር ነው። ገበያ ውስጥ ከባለቤቶቻቸው አንዱንም አላየሁም፤ በርበሬ ያላሸተተ ሰው ሁሉ እንዴት አንድ ዓይነት ዋጋ አገኘ? ስጠይቅ አንዱ ከሌላው እንደገለበጠ፣ ያኛውም ጁስ ቤት ተቀምጦ በስልክ እንደተቀበለ፣ በስልክ የነገረውም ከእኛ በፊት የተመረቀ ልጅ ከራሱ የቤት ሥራ ላይ እንዳነበበለት ደረስኩበት። ታች የተሰለፉት ነጥቦች በሙሉ ያለፈው ዓመት ዋጋ ነበሩ! በዚህ የኑሮ ውድነት፣ ያለ ምንም ማስነጠስ፣ በርበሬ በዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ ጎጆ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ እማማንም በከንቱ አምተናቸዋል።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍሬ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና፣ ሐሳቡ ጥሩ መሆኑን፣ ውጤቱ ግን ሬጅስትራር መግባቱን ነገሩኝ።