አራተኛው ንጉሥ

የደም ግፊቴን የለካችው ነርስ «መምህር፣ ራስዎን ያሳርፉ፤ የማያናድድ ጨዋታ ነገር ይፈልጉ» ስትለኝ ምክሯን ከልቤ ተቀብዬ ብቻዬን የምጫወተው የካርታ ጨዋታ ጀመርሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት፣ በተለይም ከጮቄ በኩል ብርዱ ሲነሣና መብራት ሲጠፋ፣ ከሻማ፣ ከጋቢና ከካርታ በቀር ብዙ አማራጭ የለም። በእኛ አገር ካርታ ሲባል ወይ ቁማር ወይ ኮንከር ስለሚታሰብ፣ በዚያ ላይ ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለነበር፣ በሬን ዘግቼ ድምፅ ሳላሰማ ነበር የምበውዘው።

ጨዋታው «ሰዓት» ይባላል። 52ቱ ካርታዎች ከተበወዙ በኋላ ጀርባቸውን ወደ ላይ እንዳደረጉ አራት አራት ሆነው በ13 ቦታ ይታደላሉ፤ 12ቱ ክምር እንደ ሰዓት ቁጥር ዙሪያውን፣ 13ኛው ደግሞ መካከል ላይ ይቀመጣል። ከመካከለኛው አንድ ካርታ ይገለጣል፤ የወጣው 5 ከሆነ 5 ሰዓት ላይ ካለው ክምር ሥር ይገባና ከዚያው ክምር የላይኛው በተራው ይገለጣል። ጃክ 11፣ ንግሥት 12 ሆነው ሲቆጠሩ ንጉሥ መካከል ይገባል። ሌሎቹ ሁሉ ሳይገለጡ አራተኛው ንጉሥ ከወጣ ጨዋታው አበቃ፣ ተሸነፍህ ማለት ነው። ተጫዋቹ የሚወስነው አንዳች ነገር የለም፤ እጁን ብቻ ነው የሚያበድረው። የሒሳብ መምህር ነኝና ዕድሌን ማስላቴ አልቀረም፤ ለማሸነፍ በተራው የመጨረሻዋ ካርታ ንጉሥ መሆን አለባት፣ ከ52ቱ ንጉሦቹ 4 ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ዕድሉ ከ13 አንድ ነው። ይህን እያወቅሁ በተሸነፍሁ ቁጥር መናደዴን ለነርሷ አልነገርኋትም።

ስበውዝ የምጠነቀቀውን ያህል ስሸነፍ አለመጠንቀቄ ነው ጣጣውን ያመጣው። ከአከራዬ ከእትየ ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እሳቸው በማዶ ሆነው ሌሊት ሌሊት የሚሰሙት «ሁለተኛው ንጉሥ መጣ!»፣ ጥቂት ቆይቶ «ኧረ ሦስተኛው አትቸኩል!»፣ በመጨረሻም «አራተኛው መጣ! በቃ፣ አለቀልን!» የሚል ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ ወዲህ በዚች ከተማ «ንጉሥ» የሚለው ቃል እንዲሁ በዋዛ አይጠራም። እትየ ደግሞ ጃንሆይ በመስከረም 1967 ከዙፋን ሲወርዱ ነፍስ ያወቁ ልጃገረድ ነበሩ፤ የመንግሥት ለውጥ ማለት ለእሳቸው ከሁሉ አስቀድሞ የጨው መጥፋት ማለት ነው። የሰሙትን ለቡና ለተሰበሰቡ ጎረቤቶች በምሥጢር ነገሩ፤ የቡና ምሥጢር ደግሞ ሦስተኛው ስኒ ሳይወርድ መንደሩን ያዳርሳል።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ጨው ልገዛ ሱቅ ብሄድ ባለሱቁ «የእናንተ ሰፈር ሰው ጠርጎ ወሰደው፤ ምን የሰማችሁት ነገር አለ?» አለኝ። እኔም ደንግጬ፣ ሰው የሰማውን ሳልሰማ ቀረሁ ብዬ፣ በዝናብ እስከ ገበያው ተንከራትቼ ሁለት ኪሎ ይዤ ተመለስሁ። የገዛ ወሬዬን እኔው ራሴ በውድ ዋጋ መግዛቴ ነበር።

በዚያው ማታ እትየ በበሩ ስንጥቅ አዩኝ። ጎጃም ውስጥ በሌሊት፣ በሻማ ፊት፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ክብ ሠርቶ ነገሥታትን የሚቆጥር ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር የአገሬ ሰው ያውቀዋል። በማግስቱ ወደ ማታ የንስሐ አባታቸውን አስከትለው መጡ፤ እሳቸው ጠበል የሞላ ጀሪካን ታቅፈው ደጅ ቀሩ፣ አባ መስቀላቸውን እንደ ጨበጡ ገቡ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጀ?»

«ራሴን እያሳረፍሁ ነው አባ» አልሁና ሁሉንም አስረዳኋቸው። አባ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ጠርጣራ ቢሆኑም ከነገሩ ሁሉ ምሥጢር መፈለግ ይወዳሉ። ጥቁሩን ንጉሥ አንሥተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በፈረንሳዮች ካርታ የስፔዱ ንጉሥ ዳዊት እንደሚባል ነገርኋቸው።

«የመዝሙሩ ዳዊት? ታዲያ በገናውን ምን አደረገው?»

በፈረንሳዮቹ ላይ በገና አለው፣ የእኔው ግን የእንግሊዞቹ ዓይነት ስለሆነ ሰይፍ ነው የያዘው ብዬ መለስሁ። አባ አዝነው አስቀመጡትና የልቡን ንጉሥ አነሡ፤ ሰይፉን በገዛ ራሱ ላይ የሚሰካ ስለሚመስል አማተቡበት። ቀጥለው ዐሥራ ሁለቱ ክምር የሚቆጠረው በፈረንጅ ሰዓት ነው ወይስ በእኛ ሲሉ ጠየቁኝ፤ ብናዞረውም ዕድሉ ያው ከ13 አንድ ነው አልኋቸው። ዝም ብለው ዙሪያውንና መካከሉን ሲመለከቱ ቆዩና ድንገት ፊታቸው በራ።

«ማኅበር ነዋ! ዐሥራ ሁለቱ ዙሪያውን፣ ሙሴው መካከል! በል እስቲ አምጣው፣ አንድ ጊዜ ልበውዘው፤ ለማወቅ ያህል ነው።»

ለማወቅ ያህል ሰባት ጊዜ በወዙ። መስቀላቸውን ከካርታው አርቀው ከመደቡ ራስጌ አስቀምጠው፣ የቆባቸውን ጠርዝ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሲገልጡ፣ በሰባተኛው ዙር የቀሩት ካርታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ከሁለቱ ቀድሞ የተገለጠው ያ በገና የሌለው ዳዊት ሆነ። አባ ቅዳሴ በለመደው ድምፃቸው ጣሪያውን አናጉት።

«አራተኛው መጣ! አለቀልን!»

ከደጅ የጀሪካን መውደቅ ተሰማ። ቀጥሎም እትየ በአጥሩ ላይ ጎረቤታቸውን ተጣርተው «አንቺ! ጨውስ ይዘናል፤ በጠዋት ተነሥተን ስኳር እንግዛ!» ሲሉ ሰማን።