ሲሪያል ፖርት ላፈጥን ብዬ ሦስት ቀን የበላብኝ ገመድ

ይህን ነገር አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ብዙ ሰው የሚጋራው አንድ የሊኑክስ ማሽን ነበረን። ስምንት ተርሚናሎች (ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ያላቸው መሣሪያዎች) በሲሪያል ፖርት፣ ማለትም ቢቶችን ተራ በተራ በሚልክ መሰኪያ፣ ተሰክተውበታል፤ ሁሉም በ9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት)። አንድ ፊደል ከመጀመሪያና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ በሰከንድ የሚወጣው 960 ፊደል ብቻ ነው። ባለ 24 መስመርና ባለ 80 ዓምድ ስክሪን ደግሞ 1920 ፊደል ይይዛል። አንድ ገጽ እስኪሞላ ሁለት ሰከንድ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ለሚሠራ ሰው ይህ ያሰለቻል።

መጀመሪያ ፖርቱን የሚያሠራውን ቺፕ ሴትሲሪያል በሚባለው ትእዛዝ አየሁ። 16550ኤ ነው፤ 16 ባይት የሚያጠራቅም ቋት አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮው 8250 ቢሆን ለእያንዳንዱ ፊደል ፕሮሰሰሩን ያቋርጠው ነበር። በ38400 ቦድ ስምንቱም ፖርቶች አብረው ቢጽፉ በሰከንድ ከ30 ሺህ በላይ ኢንተራፕት (የፕሮሰሰር ማቋረጥ) ይሆናል። በ16550ኤ ግን ለአንድ ፖርት 240 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ኤስቲቲዋይ በሚባለው ትእዛዝ ፍጥነቱን 38400 አደረግኩት። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ረጅም ፋይል ሲከፈት ግን ፊደል መዝለል ጀመረ። ተርሚናሉ ከማሽኑ እኩል መሄድ አልቻለም። ፍሎው ኮንትሮል፣ ማለትም ተቀባዩ ላኪውን «ቁም» ወይም «ላክ» የሚልበት ዘዴ፣ ያስፈልጋል። የሲሪያል መመሪያው በሽቦ የሚሠራውን፣ አርቲኤስ በሚባለው የሚወጣ ምልክትና ሲቲኤስ በሚባለው የሚገባ የ«ላክ» ምልክት የሚሄደውን፣ ምረጥ ይላል። እኔም አመንኩትና በስምንቱም ላይ በአንድ ጊዜ አበራሁት።

ስምንቱም ስክሪኖች ቀጥ አሉ። ሰዎች በሥራ መሃል ነበሩ። ፕሮግራሞቹ ጽሑፍ ሊያወጡ ሲሞክሩ እዚያው ተገትረው ቀሩ። ፖርቱን ሊዘጉ ሲሞክሩም ያልወጣ ጽሑፍ ስላለ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በነባሪ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ማሽኑ የታመመ መሰለኝ። ከርነል ቀየርኩ። ድራይቨር (ፖርቱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) መረመርኩ። ገመዱን የዘረጋውን ባለሙያ ስጠይቀው «ገመዱ ሙሉ ነው፤ ሶፍትዌርህን እይ» አለኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ከእሱ ይልቅ ግን የሚቆጨኝ፣ አፍ እንጂ ዓይን አለማመኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከርነሉ የውስጥ ሁኔታውን በሚያሳይበት በፕሮክ ማውጫ ስር፣ በቲቲዋይ፣ በድራይቨር ውስጥ ያለውን ሲሪያል የሚባል ፋይል በሩት (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ ፖርት አንድ መስመር አለ። የወጣው ባይት ቆጣሪ ንቅንቅ አይልም። በመስመሩ መጨረሻ ማሽኑ ራሱ የሚያወጣቸው ምልክቶች፣ አርቲኤስ እና ዲቲአር፣ ተጽፈዋል። ሲቲኤስ የለም። ማሽኑ «ላክ» የሚለውን ምልክት እየጠበቀ ነበር፤ ምልክቱ የሚመጣበት ሽቦ ግን አልነበረም።

ካቻቪቴ ይዤ አንዱን ሶኬት ፈታሁት። ዘጠኝ ፒን አለው። የተበየዱት ሦስቱ ናቸው፦ 2፣ 3 እና 5። መቀበያ፣ መላኪያና ግራውንድ። የአርቲኤስና የሲቲኤስ ፒኖች፣ 7 እና 8፣ ንጹሕ ብረታቸው ያበራል፤ ብየዳ ነክቷቸው አያውቅም።

እንግዲህ የኔ ምክር ከመመሪያው ይለያል። ገመዱን በዓይንህ ሳታይ የሽቦ ፍሎው ኮንትሮል አታብራ። በሦስት ሽቦ ከሆነ 19200 ቦድ በኤክስኦንና ኤክስኦፍ፣ ማለትም በዚያው የጽሑፍ ሽቦ በሚላኩ የ«ቀጥል» እና የ«ቁም» ፊደላት፣ ይሻልሃል። በእርግጥ ኮንትሮል ኤስ እና ኮንትሮል ኪው ለእሱ ስለሚያዙ እነዚህን ቁልፎች የሚፈልገውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ኢማክስን የሚጠቀሙ ሰዎች ያማርራሉ፤ አስቀድመህ ንገራቸው። ደግሞ ምንም ነገር ስትቀይር በአንድ ፖርት፣ ያውም በራስህ ተርሚናል ጀምር። የሌላ ሰው ሥራ መሞከሪያ አይደለም።

አምስቱን ገመዶች በእጄ እንደገና በየድኳቸው፤ የአንዱን ጫፍ 7 ከሌላው ጫፍ 8 ጋር አገናኝቼ። አሁን በ38400 ገጹ በግማሽ ሰከንድ ይሞላል፤ አንድም ፊደል አይዘልም። ሦስቱ በግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፉ በ19200 ቀርተዋል። ቅንብሩን ማሽኑ ሲነሳ በሚሠራው ስክሪፕት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ዳግም በተነሳ ቁጥር ይጠፋል።