ቁጥሩ ለማን ነው የሚነገረው?

ቁጥር እወዳለሁ። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ ያልተመዘነ በግ ላይ አስተያየት መስጠት ይከብደኛል። ከሙያ አጋሮቼ ብዙዎቹ ግን «ዳታው ራሱ ይናገራል» ሲሉ አልስማማም። ዳታ ብቻውን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ማሳመንን ከማታለል ጋር የሚቆጥሩትም አሉ። እውነቱን ይዞ ሰው እንዲሰማው አለመልፋት እኔ ዘንድ ትልቅ ጥፋት ነው።

የቪየናው ሐኪም ዜመልቫይስ ታሪክ ሁሌም ያሳዝነኛል። በ1846 (እ.ኤ.አ.) እሱ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ከመቶ እናቶች 11 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በ1847 ሐኪሞቹ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በ1848 የሚሞቱት ከመቶ እናቶች አንድ ገደማ ብቻ ሆኑ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። ስለ ጀርም ገና አልታወቀም ነበርና ምክንያቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ደግሞም ለሐኪሞቹ ያ ቁጥር «የገደላችኋቸው እናንተ ናችሁ» ማለት ነበር። እሱ መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነው፤ ያላመኑትንም በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳይ እያለ ይዘልፍ ነበር። እንዲህ እየተባለ ማን ይሰማል?

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን መንዝ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የተቀመጥንበት ስብሰባ ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስለ በግ ዝርያ ማሻሻል ገለጻ ያደርጋል። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል። ዘር የሚተካው ቀጭጮ ቤት የቀረው ይሆናል። በዚህ ዓይነት የመንጋው በጎች ከዓመት ዓመት በአካል እያነሱ ይሄዳሉ። ይህንን በግራፍና በመቶኛ አስረዳ። ሰዎቹ በጨዋነት አዳመጡ፤ አንድም የተከራከረ የለም። ዝምታውን አልወደድኩትም። ዝም ያለ ገበሬ አምኗል ማለት አይደለም።

በመጨረሻ በርኖስ የደረቡ አንድ አባት ተነሱ።

«ልጄ፣ ያልከው ገብቶኛል። ያንን ጠቦት ለፋሲካ ካልሸጥኩት ግን የማዳበሪያውን ብር ከየት ላምጣ?»

እሳቸውም ማስረጃ አላቸው። የሚከፈል ዕዳ፣ የሚታወቅ የገበያ ቀን፣ እጅ ላይ ያለ አንድ ጠቦት። የእኛ ግራፍ ይህንን ሒሳብ አልነካውም።

ባልደረባዬ ግራፉን ተወና ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ አምና የሸጡት ጠቦት እናቱ የትኛዋ ነበረች?»

«ጥቁሯ።»

«ዘንድሮስ ምን ወለደች?»

«ወንድ ነው። ግን ደቃቃ ነው።»

«አባቱ የትኛው ይሆን?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ያ አጭሩ ነዋ፤ የቀረው እሱ አይደል!» ጎረቤቶቻቸው ተያዩ። ከኋላ አንዲት እናት «የእኔም ቤት እንደዚሁ ነው» አሉ።

የድሮ ተሟጋቾች «ተጠየቅ» ብለው የሚጀምሩት ለካ ወደው አይደለም። ሰው በራሱ አፍ የመሰከረውን መካድ ይከብደዋል። ይህ ልጅም መልሱን አላቀበላቸውም፤ ሽማግሌው ያወጡት ከራሳቸው በረት ነው። እኔን ያስደሰተኝ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሳይንሱ አንድ ነጥብ እንኳ አልተሸራረፈም።

የማዳበሪያው ጥያቄ ግን ገና ነበር። ያንን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። እዚሁ መንዝ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ የረዳን እዚህ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል አለበት። ጠቦቶች ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ ምርጡን አውራ ባለቤቶቹ ከባለሙያው ጋር ሆነው ይለያሉ። አንዱ አውራ የብዙ ቤት እንስት በጎችን ያስረግዛል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምርጥ ጠቦት አስቀርቶ ገበያ ይለፈው ማለት አይደለም።

ይህ ሲነገር ቤቱ ሞቀ። አውራውን ማን ያሳድር? መኖውንስ ማን ይችላል? ቢሞትስ? ባለቤቱ ለፋሲካ ቢሸጠው የሚያገኘውን ብር ማኅበሩ ቀድሞ ይስጠው ያሉ ነበሩ። «ብሩ ከየት ይመጣል?» ብለው የተነሡም ነበሩ። ክርክሩ እስከ ማታ አላለቀም። ባልደረባዬ ደብተሩን አውጥቶ የእነሱን ስሌት ይጽፍ ጀመር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛን ይዘን ስንሄድ የምንጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።