በቃኘው ስም የተጠጣ ሶጁ

ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አካባቢ ለምንኖር አበሾች ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መራብ ችግር ነው። የኛዎቹ ምግብ ቤቶች ቅዳሜ ሌሊት ክፍት ናቸው። ግን ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ ክትፎ ለማዘዝም መጮህ አለብህ። በዚያ ላይ የማታውቀው ሰው የለም። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ደግሞ አሥር ሰዓት ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ ስለዋልኩ ሰው ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

«ለምን አናንዴል አንሄድም?» አለ ወሬኛው ጓደኛዬ።

አናንዴል ከኛ ሰፈር በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የኮሪያኖች ሰፈር ነው። ዳቦ ቤቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ፀጉር ቤቱም ማስታወቂያው በነሱ ፊደል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ወሬኛው፣ እና ጨጓራ ስላለበት የማይጠጣው ሹፌራችን። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ የአዲስ አበባን ክረምት ያስንቃል። የገባንበት ቤት ጠባብ ነው፣ ጢም ብሏል። የተጠበሰ ዶሮ፣ ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ ጃኬት ይሸታል።

ተቀመጥን። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ዞር ብሎ ያየን የለም። ወሬኛው እንደ ሀገር ቤት ሁለቴ አጨበጨበ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። አጠገባችን ከአያቷና ከአጎቷ ጋር የተቀመጠች ልጅ ሳቋን እየታገለች ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ ያለች ደወል አሳየችን። እንደ በር ደወል ትጫናታለህ፤ ግድግዳው ላይ የጠረጴዛህ ቁጥር ይበራል። በደወሉ የማይጠቀሙት ደግሞ «ኢሞ!» እያሉ ይጣራሉ። የእናት እህት ማለት ነው። አስተናጋጇ ስልሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው፤ እኛም ከዚያ በኋላ አክስቴ አልናቸው።

ያበሻ የመጀመሪያ ጥያቄ ይታወቃል። አሳማ። ሜኑው ደግሞ አሳማ በአሳማ ነው፤ ሆዱ፣ እግሩ፣ ደሙ የተሞላ አንጀት ሳይቀር። ሹፌሩ አንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚንተከተክ ቀይ ድስት አይቶ ጎመጀ።

«ያ አሳማ አለበት?»

«ትንሽ» አሉ አክስቴ፣ በሁለት ጣታቸው እየለኩ።

ቡዴ ጂጌ ይባላል፤ የጦር ሠራዊት ወጥ እንደማለት። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ሰው ሲራብ ከአሜሪካ ጦር ሰፈር በሚወጣ የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ የተጀመረ ነው። ታሪኩ አንጀት ይበላል። ቢሆንም ትንሽ አሳማ የሚባል ነገር የለም።

ፓጆን አዘዝን፤ ባሮ ሽንኩርት የተጋገረበት፣ ዳር ዳሩ ቁርጥም ቁርጥም የሚል በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ነው። ኮሪያኖች ዝናብ ሲዘንብ ይሄን ካልበሉ አይሆንላቸውም። መጥበሻው ላይ ሲንጫጫ የዝናብ ድምፅ ስለሚመስል ነው ይላሉ። እኔ እንኳ ዝናብ ሲዘንብ በቆሎ ጥብስ ነው የሚያምረኝ። ወሬኛው ቡልዳክ ጨመረ። ትርጉሙ የእሳት ዶሮ ነው። «በሚጥሚጣ ያደግነውን ሰዎች ነው በዶሮ የሚያስፈራሩን?» አለ። አዋዜያቸው መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ያዘናጋሃል። ከዚያ ጉሮሮህ ላይ ሲደርስ ይነሳብሃል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ወሬኛው ዝም አለ። ያንን ሰው ዝም ያሰኘ ምግብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ከፓጆኑ ጋር የሚሄደው ማክጎሊ ነው። የተጣመመ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ መጣ፣ በሳህን ተቀዳልን። የሩዝ ነው፤ ነጭ፣ የደፈረሰ፣ ኮምጠጥ ያለ።

«ጉሽ ጠላ!» አለ ሹፌሩ፣ ሳይቀምስ በሽታው ብቻ።

ቀጥሎ ሶጁ። አረንጓዴ ጠርሙስ፣ 360 ሚሊ ሊትር። አልኮሉ ከመቶ 16 ወይም 17 ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ለሚያውቅ ሰው ውሃ ነው ብዬ ናቅኩት። ሰውን የሚጥለው ይሄ ንቀት ነው። ደግሞ ከአንድ ጠርሙስ የሚወጣው ሰባት መለኪያ ነው። ለሁለት ስትካፈለው አንድ ይተርፋል። ለሦስትም አንድ ይተርፋል። ለአራት አንድ ይጎድላል። ስለዚህ ሌላ ይታዘዛል። መጠኑን የወሰነው ሰው እግዜር ይይለት።

መለኪያዬ ባዶ ሲሆን ጠርሙሱን አነሳሁ። ልጅቷ ከጎን ተንጠራርታ ከእጄ ወሰደችው። ለራስህ አትቀዳም አለችኝ። ሌላ ሰው ይቀዳልሃል፣ አንተ ለሌላው ትቀዳለህ። ለታላቅ ሲሆን በሁለት እጅ። ከታላቅ ሲቀዳልህም መለኪያውን በሁለት እጅ ይዘህ ትቀበላለህ፤ ስትጠጣ ፊትህን ዞር ታደርጋለህ። አሳየችን። ከአያቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጭልጥ አደረገችው። እኔ አባቴ ፊት ጠጥቼ አላውቅም። ፊት አዙሮ መጠጣት የሚባል መፍትሔ እንዳለ ማን ነገረኝ!

ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው ከየት እንደሆንን ጠየቁ፣ ልጅቷ ተረጎመች። ኢትዮጵያ አልን። መለኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዩጊኦ» አሉ።

ስድስት ሁለት አምስት ማለት ነው። ጦርነቱ በፈረንጆቹ ሰኔ 25 ቀን 1950 ስለጀመረ ስሙ በነሱ ዘንድ ያው ቀኑ ነው። ሽማግሌው ያኔ ሕፃን ነበሩ። ቹንቾን የሚባል ከተማ ሄደው በፈረንጆቹ 1968 ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀውን የኛን ዘማቾች ሐውልት አይተዋል። እዚያው አጠገብ የኢትዮጵያ ቡና ጠጥተዋል። ይሄን ሁሉ ሲያወሩ ልጅቷ ለመተርጎም አልደረሰችባቸውም።

እኔ ምን ልበል? ኮሪያ ስለዘመተው ስለ ቃኘው ሻለቃ የማውቀው ትምህርት ቤት የሰማሁትን ነው። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው በመርከብ ሄዱ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ኮሚኒስት ወግተዋል ተብለው ፊት ተነሱ። አመሰግናለሁ ብዬ ዝም ልል ነው።

ወሬኛው ቀደመኝ። «አያቴ ቃኘው ነበሩ!»

ሹፌሩ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠው። ረፍዷል። ሽማግሌው ተነሱ። እንደዚያ ያሉ ትልቅ ሰው ቆመው፣ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለዚያ ቀላማጅ ቀዱለት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ወሬኛው ሳያስበው ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። ፊቱን አዙሮ ጠጣ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ቡልዳኩ ነው እንዳልል ቆይቷል።

«በስንተኛው ሻለቃ ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ። በየዓመቱ አዲስ ሻለቃ ይተካ እንደነበር ያውቃሉ።

«በሁሉም» አለ።

ሽማግሌው ለአፍታ አዩትና በኮሪያኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አጎትየው ሳቀ። ልጅቷ አልተረጎመችልንም።

ቨርጂኒያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጠጥ ይቆማል። ሂሳብ ስንል እንደ ልማዳችን ሦስታችንም ኪሳችን ገባን፣ «ሞቼ እገኛለሁ» ተባባልን። አክስቴ እጃቸውን አወዛወዙ። ተከፍሏል። ሽማግሌው ቤተሰባቸውን ይዘው ከወጡ ሩብ ሰዓት ሆኗቸዋል።

መኪና ውስጥ ማንም አላወራም። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይንሸራተታል።

«አያትህ እውነት ምን ነበሩ?» አለ ሹፌሩ በመጨረሻ።

«መርካቶ ቆዳ ነጋዴ።»

ትንሽ ሄድን። ወሬኛው ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። አዲስ አበባ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን።

«እማዬ፣ ከዘመዶቻችን ኮሪያ የዘመተ ሰው የለም?»

«ሰክረሃል እንዴ? እኔ ገና ከቅዳሴ መግባቴ ነው።»

«የአጎት ልጅም ቢሆን፣ የሩቅም ቢሆን፤ እስቲ አስቢ።»

ዝም አሉ። የምር እያሰቡለት ነበር።

«ኮሪያ ሆስፒታል የታከመ ነው እንጂ የዘመተስ የለንም» አሉት።