ድንጋዩ ሳይደርቅ

ፍራንክፈርት ስደርስ ዝናብ ያካፋ ነበር። የመጣሁት ለአምስት ቀን የቅሪተ አካል ጥናት ጉባኤ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በዝርዝር አልተርክም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጨለም ባለ አዳራሽ ተቀምጦ ጥናታዊ ጽሑፍ ማድመጥ ነበር። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው አጥንት ሁሉ ጥርት ያለ ነው፤ ከድንጋይ ውስጥ ማን በምን ትዕግሥት እንዳወጣው ግን ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ አንድ ቃል አላነሱም።

በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ወደ ሜሰል ወሰዱን። ከዳርምሽታት ብዙም የማይርቅ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ነው። ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቁጥቋጦ የወረሰው ሰፊ ጎድጓዳ ሥፍራ ብቻ ይመስላል። ከ47 እስከ 48 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በኢዮሲን ዘመን፣ ከታች የሚወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘና ምድሩ ፈነዳ። በተከፈተው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቀመ፤ ዙሪያውን ሞቃትና እርጥብ ደን ከበበው። ከሐይቁ ሥር ኦክስጅን ስላልነበረ የሰመጠን እንስሳ የሚበላ ወይም የሚበታትን ፍጡር አልነበረም። ደለሉ በዓመት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ እየተነባበረ ሬሳውን ሸፈነው። የሌሊት ወፍ ከነክንፍ ቆዳዋ፣ ፈረስ ከነፅንሷ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ዘንከንበርግ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ምርምር ተቋም ቁፋሮ በሚያካሂድበት ሥፍራ አንዲት ቴክኒሻን ተንበርክካ ትሠራ ነበር። ከፊቷ ያለው ጥቁር ሼል፣ ማለትም ከደለል በስስ በስሱ የተነባበረ ድንጋይ ነው፤ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ረጅም ቢላዋ በንብርብሩ መሐል አስገብታ ቀስ ብላ ገፋችው። ድንጋዩ እርጥብ ድምፅ አሰምቶ ለሁለት ተከፈለ።

ከውስጡ የጥፍሬን ግማሽ የምታህል ጥንዚዛ ወጣች። የክንፏ ሽፋን ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ አብረቀረቀ። ቀለም አይደለም፤ ሽፋኑ የተሠራባቸው እጅግ ስስ ንጣፎች ዛሬም ብርሃንን እየመረጡ ይመልሳሉ። ትንፋሼን ያዝኩ።

«እባክዎ በፀሐዩ በኩል ይቁሙልኝ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ጥላዬ ድንጋዩ ላይ እንዲያርፍ ቆምኩ። እሷ ውሃ ረጨችበት፤ ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችው። ያ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት አለው፦ ሼሉ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይላላጣል፤ በውስጡ ያለው ቅሪተ አካልም አብሮ ይበጣጠሳል። ሚሊዮኖች ዓመታት ያልነኩትን ነገር የአንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያጠፋዋል።

ጥንዚዛና ቅጠል እንዳይደርቁ ግሊሰሪን ውስጥ ይቀመጣሉ። የአጥንቱ ሥራ ግን የበለጠ ረቂቅ ነው። ባለሙያው ሼሉን እያረጠበ የአፅሙን አንድ ገጽ በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ያጸዳል፤ ዙሪያውን አጥሮ ፈሳሽ ኤፖክሲ ሙጫ ያፈስበታል። ሙጫው ሲጠነክር ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ሼል በሙሉ ይነቅላል። አፅሙ ካቀፈው ድንጋይ ወጥቶ ማር የመሰለ ሙጫ ላይ ያርፋል። በሙዚየሞች የምናያቸው ውብ የሜሰል ፈረሶች እንዲህ የዳኑ ናቸው። ለእኔ ይህ እንደማንኛውም ጥናት ደራሲነት የሚያሰጥ ሥራ ነው፤ ባለሙያው አንድ የጎድን አጥንት ቢስት ከእሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚለካው ነገር አይኖረውም።

ዔሊዎቹን ሳላነሳ አላልፍም። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዳንዶቹም ጅራታቸው እንደተቆላለፈ የተገኙ ዘጠኝ ጥንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት እንደሚለው ከሐይቁ ላይኛው ውሃ ላይ ለመራባት ሲገናኙ ቀስ በቀስ ወደ መርዛማው ጥልቀት ሰምጠው በዚያው ቀርተዋል። ከዚያ በፊት በግንኙነት ላይ እያለ የሞተ የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ቅሪተ አካል አልታወቀም ነበር።

ይህ ጉድጓድ የቆሻሻ መጣያ ሊሆን ታቅዶ እንደነበር ስሰማ ልቤ ደነገጠ። ማዕድን ማውጣቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቆመ በኋላ የአካባቢው ነዋሪዎችና ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተሟገቱ። የሄሰን ክፍለ ግዛት በ1991 ገዛው፤ በ1995 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

በመጨረሻው ቀን የቅሪተ አካል አዘጋጆች፣ ማለትም አጥንቱን ከድንጋይ የሚያወጡት ባለሙያዎች፣ ስብሰባ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ። አሥራ ሁለት ሰዎች ተቀመጥን። አንዲት አዘጋጅ የአንድ የአየር አረፋ ፎቶግራፍ አሳየችን። ሙጫው ሲፈስ ከትንሽ አፅም የትከሻ አጥንት ሥር የተያዘ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ አረፋ ነው። እንዲያው ቢተው ሼሉ ሲነቀል አጥንቱን ይዞት ይሄድ ነበር። በቀጭን መርፌ ወግታ፣ አዲስ ሙጫ በጠብታ እየመገበች እስክትሞላው ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። ቀጥላ ያሳየችን ሥራው ሲያልቅ የተነሳውን ፎቶግራፍ ነው፤ የትከሻው አጥንት በቦታው አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጃቸውን አውጥተው የመርፌውን ውፍረት ጠየቋት፤ መልሷንም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።