ምሕረት በበርገን ወደብ

ወደ ኖርዌይዋ በርገን ስሄድ ለምሕረት የሚሉትን ቃል ከየት እንዳገኙት የማየት ፍላጎት ነበረኝ። ብሪገን በተባለው የወደቡ ዳርቻ የተደረደሩት የእንጨት ቤቶች፣ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች እህል እያመጡ ደረቅ ዓሣ ይጭኑበት የነበረው ሰፈር ቅሪት ናቸው። በዚያ ዘመን ከነጋዴዎቹ ቋንቋ፣ ከታችኛው ጀርመንኛ፣ እጅግ ብዙ ቃላት ወደ ስካንዲኔቪያ ገብተዋል። ዛሬ ኖርዌጂያኖች የሚሉት «ባርምያርቲሄት» ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የላቲኑን «ሚዜሪኮርዲያ» ተከትሎ ምስኪንነትንና ልብን አጣምሮ የተሠራ ቃል ነው።

ከዚያ በፊት የነበራቸው ቃል «ሚስኩን» ነው። ለአማርኛ ጆሮ ምስኪን የተባለ ቢመስልም መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው፤ የእኛው ቃል ሴማዊ ሲሆን፣ የእነርሱ መሳትን ከሚያመለክተው «ሚስ» እና ማወቅ ከሚለው «ኩና» የመጣ ነው። ስለዚህ ጥፋትን አይቶ እንዳላየ ከማለፍ ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል። አንዱ ቃል የተጎዳውን፣ ሌላው የበደለውን ይመለከታል። በኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ኪርያላይሶን ሲደርስ «ማረን» የሚባለው ዛሬም በሚስኩን ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ብዙም አይሰማም።

ባርምያርቲሄት በተግባር ምን ይመስል እንደነበር ለማየት፣ አሁን ሙዚየም ወደሆነው የቅዱስ ዮርገን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄድኩ። ሕሙማኑ በጠባብ ክፍሎች ተዳብለው ይኖሩ ነበር፤ የሆስፒታሉ ቄስ ቬልሃቬንም እ.ኤ.አ. በ1816 ቦታውን የሕያዋን መቃብር ብለውታል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው።

የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው አርማወር ሃንሰን የሠራው በዚህችው ከተማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ያለው የምርምር ተቋም በእርሱ ስም ስለሚጠራ፣ ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይሁንና ሃንሰን በሽታው ተላላፊ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲል፣ ያለ ፈቃዷ በአንዲት ሴት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ሊያጋባባት ሞክሮ ነበር። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1880 ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ሲያነሳው፣ በአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን እንዲቀጥል ሆነ። እኔ እንደማየው ሐኪሙ ሚስኩን አግኝቷል፤ ባርምያርቲሄት የሚገባት ግን ሴትዮዋ ነበረች።